እውነት ወይስ ተረት? የቅንጦት ጉብኝትና «ሩቁ» ባኬ ጃማ

የቅንጦት ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች በራሪ ወረቀት ከአገር አገር ብዙ አይለያይም። ከላይ አቧራ የለበሰ ላንድክሩዘር፣ መሐል ላይ ጨሌ የደረደረች ልጃገረድ፣ ከጀርባ በነጭ አንሶላ የተነጠፈ ድንኳን። ከሥር ደግሞ «ያልተነካ ምድር»፣ «ጥንታዊ ሕዝብ»፣ «ጥቂቶች ብቻ የደረሱበት» የሚሉ ቃላት ይሰለፋሉ። ዋጋው በዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜም «ከ…ጀምሮ» ይላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ገበያ ቆይታለች። የአገሪቱ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ»ን ይዘው ወጡ፤ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» ተተካ። መፈክሩ ቢለወጥም የጉብኝቱ መስመር ብዙ አልተለወጠም። በሰሜን አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር፤ በደቡብ ኦሞ፤ በምሥራቅ ሐረርና ዳናክል። ምዕራቡ፣ ማለትም ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ፣ ከካርታው ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ የወለጋዋ ነቀምቴ፣ በቅጽል ስሟ ባኬ ጃማ፣ የሁለት ወገን ተረት ተሸካሚ ሆናለች። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው «ማንም ያልደረሰበት» ይላታል፤ የአዲስ አበባው ሰው «እዚያ ምን ሊታይ?» ይላል። ሁለቱም ሩቅነትን የሚለኩት ራሳቸው ከተቀመጡበት ወንበር ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት አባባሎች በጉዞ ሻጮችም በተጓዦችም አፍ የሚዘወተሩ ናቸው።

«ወለጋ ከዓለም ተነጥሎ የኖረ፣ የውጭ ሰው ያልለመደው አገር ነው»

ተረት ነው፤ ያውም ከሁሉም የገነነው።

በነቀምቴ ዙሪያ የነበሩት የሌቃ ኦሮሞ ገበያዎች ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ሲያቀርቡ ገዢው ከጎጃም፣ ከሱዳን፣ ከቀይ ባሕር ወደብ ጭምር ይመጣ ነበር። አሳዛኙን ክፍል መዝለል አይቻልም፤ በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ሆላንዳዊው መንገደኛ ሁዋን ማሪያ ሹቨር እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 በሱዳን በኩል ወደ ቤላ ሻንጉል ወጥቶ የወለጋ ኦሮሞ መንደሮች ጫፍ ደርሷል። በ1874 ዓ.ም. ገደማ የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና ዳጨ በኩል ለምኒልክ ሲገብሩ፣ ነቀምቴ ለሩቅ ነጋዴ አዲስ ስም አልነበረችም።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 ከምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የመክፈት መብት አገኙ። ጋምቤላ ሥራ ከጀመረች በኋላ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ እየወረደ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጀልባው የሚሠራው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነበር። በበጋ ነጋዴው ቡናውን አከማችቶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። በጋምቤላ፣ በጎሬና በደምቢ ዶሎ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሶሪያውያን ሱቅ ከፍተው ነበር። ዩብዶ ላይ ደግሞ በብርብር ወንዝ አካባቢ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፕላቲኒየም ወጥቶ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። ዛሬም በዓለም የቡና ገበያ «ለቀምት» የሚባል ደረጃ አለ። ከተማዋን አይቷት የማያውቅ የቡና ቀማሽ፣ ስሟን በየቀኑ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ዕቃ ነው። ስለ ሰው ካነሣን ተረቱ ጭራሽ ይገለበጣል፤ እውነተኛው የሩቅ አገር ጉብኝት የተደረገው ከዚህ አካባቢ ወደ ውጭ ነውና። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምጽዋ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ስዊድን ድረስ ሄዶ ሠለጠነ። በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመመለስ ሞክሮ አልሆነለትም። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ሳንክት ክሪሾና አሳተመ። ነቀምቴ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ሴት ናት፤ የኦሮምኛ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና እንቆቅልሾችን ሰብስባ ለኅትመት አብቅታለች። ኦነሲሞስ በሰኔ 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ አረፈ።

እንግዲህ ምጽዋን፣ ስዊድንንና ስዊዘርላንድን አይቶ የተመለሰ ሰው ያስተማረባትን ከተማ «ጥቂቶች ብቻ የደረሱባት» ብሎ መሸጥ የሚቻለው ታሪኩን የማያውቅ ገዢ ሲገኝ ነው።

«ለሺህ ዓመታት ሳይለወጥ የኖረ ባህል ያያሉ»

ይህ ተረት የሚሸጠው በወለጋ ሳይሆን በኦሞ ነው፤ አሠራሩን ለማየት ወደዚያው መውረድ ያስፈልጋል።

ሙርሲ መንደር የሚገባ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ከጂንካ በጠዋት ተነሥቶ በማጎ ፓርክ በኩል ያልፍና አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ቆይቶ ይመለሳል። መኪናው ሲደርስ ሴቶች የከንፈር ሸክላቸውን ያደርጋሉ፤ ልጆች ፊታቸውን ይቀባሉ፤ ጭንቅላት ላይ ቀንድ፣ ፍሬ፣ ቅርጫት ይደረደራል። ፎቶ ይነሣል፤ በሰውና በፎቶ ሒሳብ ይከፈላል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ስለዚህ ነገር በዝርዝር ጽፏል። ሸክላው የራሱ ጊዜና ክብር ያለው ጌጥ ነው፤ ሴቷ ቀኑን ሙሉ አድርጋው አትውልም። ለካሜራ የሚቀርበው ግን የተጋነነ፣ ገዢው የሚፈልገውን አይቶ የተሰናዳ ነው። ሙርሲዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሥራ መሆኑን የማያውቀው ከፋዩ ነው።

«ሳይለወጥ» የሚለው ቃል ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ያለውን ይሸፍናል። የኦሞ ሕዝቦች ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የወንዙ ሙላት በግድቡ ቁጥጥር ሥር ገባ፤ በታችኛው ተፋሰስም የስኳር እርሻ ተስፋፋ። ይህ ለአገር የሚጠቅም ነው፣ አይደለም የሚለው ሌላ ትልቅ ክርክር ነው። በበራሪ ወረቀቱ ላይ ግን ግድቡም፣ ስኳሩም፣ ክርክሩም የሉም፤ ያለችው ልጃገረዷ ብቻ ናት።

አሁን ያንኑ መነጽር ይዞ ወደ ነቀምቴ የሚመጣን ሰው እናስብ። «እውነተኛውን ኦሮሞ አሳዩኝ» ቢል ማንን ያሳዩታል? እሑድ ጠዋት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለመዘመር የምትሄደውን ወጣት? የኦርቶዶክሱን ቄስ? መስጊድ የሚሄደውን ነጋዴ? ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን መምህር? ወይስ ለኢሬቻ ነጭ ለብሶ እርጥብ ሣር የያዘውን? አንዳንዴ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። መካነ ኢየሱስ እንደ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ወለጋ ከዋና ምሰሶዎቿ አንዱ ነበር። ዋና ጸሐፊዋ የነበሩትና በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1979 የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳም የቦጂ ተወላጅ ናቸው።

የገዳ ሥርዓትም ቢሆን በጠርሙስ ታሽጎ የተቀመጠ ቅርስ አይደለም። ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ስብሰባውም የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነበር። የሜጫ ኦሮሞ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቢሲል ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ከሚያልፈው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ ኦዳ ቡሉቅ ደግሞ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው። ሥርዓቱ በብዙ ቦታ ተዳክሞ ነበር፤ በቅርብ ዐሥርት ዓመታት እንደገና እየተሰበሰበ፣ እየተከራከሩበት፣ ከሕግና ከፖለቲካ ጋር እየተላመደ ነው። አባ ገዳው ሞባይል ይዘው ስብሰባ ቢጠሩ «ተበላሸ» የሚል ጎብኚ፣ ማየት የፈለገው ሰዎቹን ሳይሆን የራሱን ሕልም ነው።

«የኦሞ ሸለቆን ዩኔስኮ የመዘገበው ለጎሣዎቹ ባህል ሲል ነው»

አይደለም። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለቅድመ ታሪክ ቅሪተ አካላትና ለድንጋይ መሣሪያዎች ነው። ዛሬ በዚያ የሚኖሩት ሕዝቦች የመዝገቡ ምክንያት አይደሉም። በአቅራቢያው በሕያው ባህል የታወቀው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው፤ እሱም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አስጎብኚ ድርጅት ይህን አቀላቅሎ ሲጽፍ ካያችሁ ሌላውን ዓረፍተ ነገሩንም በጥርጣሬ አንብቡት።

«ብዙ በከፈልን ቁጥር ለአገሬው ብዙ ይደርሳል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳስተው።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እንከተለው። ተጓዡ ሙሉ ዋጋውን የሚከፍለው በሎንዶን ወይም በኒውዮርክ ለሚገኝ ድርጅት ነው። ያ ድርጅት የራሱን ድርሻ፣ የማስታወቂያ ወጪውንና የደላላ ኮሚሽን ያስቀራል። የአውሮፕላን ቲኬት ይቆረጣል። ቀሪው አዲስ አበባ ላለው አስጎብኚ ድርጅት ይተላለፋል፤ ከዚያ መኪና፣ ነዳጅ፣ የሾፌርና የአስጎብኚ አበል፣ የሆቴል ሒሳብ ይወጣል። መንደሩ ላይ የሚደርሰው የመግቢያ ክፍያ፣ የአካባቢ አስጎብኚ አበልና የፎቶ ብር ነው። ጉዞው ከመካከለኛ ወደ ቅንጦት ከፍ ሲል የሚጨምረው ወጪ በአብዛኛው የሚውለው ከውጭ ለሚገባ ወይን፣ ለአልጋ ልብስ፣ ለጄኔሬተር፣ ለቻርተር አውሮፕላን ነው። ገበሬው ለቻርተር አውሮፕላን የሚሸጠው ነገር የለውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1869 እንግሊዛውያንን ሰብስቦ ግብፅና ቅድስት አገር ካደረሰ ጊዜ ጀምሮ ተጓዥን ከአገሬው የሚያገናኘውም የሚለየውም ድርጅቱ ነው። ሻንጣው፣ ምግቡ፣ ቋንቋው፣ ዋጋው ሁሉ በአንድ እጅ ያልፋል። በ1962 (እ.ኤ.አ.) በኬንያ የተመሠረተው አበርክሮምቢ ኤንድ ኬንት የድንኳን ሳፋሪን ወደ ቅንጦት ሲያሳድገው፣ ትልቁ ፈጠራ ቀዝቃዛውን መጠጥ ጫካ ውስጥ ማድረሱ ነበር። ምቾቱ ተጓዡ ከውጭ ይዞት የሚገባ ነው፤ ሲወጣም ይዞት ይወጣል።

ለምን ግማሽ እውነት አልኩ? ገንዘቡን ከሥር የሚያስቀር አሠራር ሊኖር ስለሚችል ነው። ወደ ወለጋ ከሚወስደው መንገድ ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፎ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ ምሳሌ ይሆነናል። እዚያ ፈረሱ የገበሬው ነው፤ መሪውም የመንደሩ ልጅ ነው፤ ተራው የሚያዘው በማኅበር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በኋላ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ትልቅ ሎጅ ተሠራ። አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሎጁ አማረ ወይ አይደለም፤ ማማሩን ማንም ያየዋል። የባለፈረሱ ተራ እንደድሮው ይደርሰዋል ወይ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር የሚመጣውንም አይተናል። በ2009 ዓ.ም. መባቻ፣ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ አደጋ በኋላ በተነሣው ቁጣ፣ በላንጋኖ ዳር የነበረ አንድ የታወቀ ሎጅ ተቃጥሏል። ቃጠሎውን ማንም ጤነኛ ሰው አይደግፈውም። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ያለው ጎረቤት ሐይቁን እንደ ባዕድ ማየት ከጀመረ፣ ጥበቃ መቅጠር ብቻውን ንብረት አያተርፍም።

«ጥሩ አስጎብኚ ድርጅት ከያዙ የትም ቢሄዱ ሰላም ነው»

ተረት፤ አደገኛም ነው። ስለ ወለጋ ሲጻፍ ደግሞ ይህን አለባብሶ ማለፍ ነውር ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የመንግሥት ኃይሎችና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ሲዋጉ ቆይተዋል። በየአቅጣጫው ሲቪሎች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል። በሰኔ 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታንዛኒያ ሁለት ዙር ድርድር ተደርጎ ያለ ስምምነት ተበትኗል። ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባቸው ወረዳዎች ነበሩ፤ መንገድ ላይ ታግቶ ገንዘብ የተጠየቀበት ተሳፋሪ ብዙ ነው።

አስጎብኚ ድርጅት እነዚህን ነገሮች አያስቀርም። ማድረግ የሚችለው መረጃ መሰብሰብ፣ መንገድ መቀየር፣ ወይም «አሁን አንሄድም» ማለት ነው። የመጨረሻው ከሁሉም የከበደ አገልግሎት ነው፤ ገቢ ያሳጣልና። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፦ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ለዓመታት ዜጎቻቸው ወደ ወለጋ ዞኖች እንዳይሄዱ መክረዋል። ይህ ምክር እያለ የተጓዘ ሰው አብዛኛው የጉዞ መድን አይሸፍነውም። ስለዚህ ቱሪስት የሚመለስበት ቀን የሚወሰነው በሚያምር ፎቶ አይደለም፤ በመንገድ ኬላ፣ በመድን ውል፣ በሆስፒታል መድኃኒት ነው። መድኃኒት ካልን፣ እንደ ዴዴሳ ባሉት ቆላማ ሸለቆዎች ወባ አለ። የነቀምቴ ከተማ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚዘናጋ መንገደኛ፣ ቁልቁል ወርዶ አንድ ምሽት ሲያድር ሊያዝ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ለቱሪስት አደገኛ ነው» ስንል የአገሩ ነዋሪ እዚያው እየኖረ መሆኑን እንዘነጋለን። ለጎብኚ የተዘጋ መንገድ ለነፍሰ ጡሯም የተዘጋ ነው፤ ለቡና ጫኙም እንዲሁ።

«ወለጋ አረንጓዴ ናት እንጂ የሚጎበኝ ነገር የላትም»

ይህ የአዲስ አበባው ተረት ነው። ሰርግ ወይም ለቅሶ ሄዶ በነጋታው የተመለሰ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያወራው።

ነቀምቴ መሐል የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ። ግቢው ውስጥ በእንጨት የተሠሩ በርካታ ቤቶች አሉ፤ ዋናው ፎቅ ነው፤ ሰገነቱና የእንጨት ጥርቡ አቁሞ የሚያስመለክት ነው። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ደጃዝማች ሆኑ። የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ፣ የራሳቸውን አስተዳደር ይዘው ለዐሥርት ዓመታት የቆዩበትን ዘዴ ለመረዳት ከዚህ ግቢ የተሻለ መጽሐፍ የለም። ወለጋ ሙዚየም ደግሞ የአካባቢውን የቤት ዕቃ፣ አልባሳት፣ የእጅ ሥራና የጦር መሣሪያ ያሳያል።

ከከተማው ራቅ ብሎ ቦናያ ይገኛል። ይህን ቦታ ጎብኚ አለማወቁ ይገባኛል፤ እኛ አለማወቃችን ግን ይገርመኛል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች ሳምንታት በኋላ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት የሌቃውን ገዢ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን በድርድር ይዘው ምዕራቡን ያለ ጦርነት ለመረከብ ነው። ከመጡት መካከል ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒና በኢጣሊያ ታዋቂ የነበረው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሰኔ 20 ሌሊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ቡድን ደረሰባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ 12 ጣሊያኖች ተገደሉ፤ የተረፉት ኦሮምኛ የሚያውቁት ሚሲዮናዊ አባ ማሪዮ ቦሬሎ ነበሩ። ዛሬ «በግል አውሮፕላን ወደ ድብቁ አፍሪካ» እየተባለ ለሚሸጥ ጉዞ፣ በወለጋ ታሪክ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ምዕራፍ አላገኝም።

ተፈጥሮውን ባጭሩ፦ ወደ ደምቢ ዶሎ አቅጣጫ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ቱሉ ወለል ተራራ፣ በግርጌው የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ ከነጎሾቹ፤ በጊምቢና በቄለም በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፤ የዴዴሳ ሸለቆ፤ በሰሜን የፊንጫአ ግድብና ረግረግ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት «እጨርሳለሁ» የሚል ሰው በመስኮት አይቶ ይመለሳል።

«ቅንጦት ማለት በየትም ቦታ ቤት ውስጥ እንዳሉ መሰማት ነው»

ይህ የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ እውነት ወይም ተረት ለማለት ይከብዳል። እኔ ግን ፍርዴን እሰጣለሁ፦ ነቀምቴ ሄዶ ፓስታ የሚበላ ሰው ተታሏል።

ወለጋ አንጮቴ አላት። ከዱባ ዘመዶች የሆነ ሐረግ ሲሆን የሚበላው ከመሬት ሥር ያለው ሥሩ ነው። ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፤ በቅቤና በቅመም ይለወሳል፤ ለመስቀል የማይቀር የክብር ምግብ ነው። አጥንቱ ለተሰበረ፣ ለአራስም ይሰጣል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን ያጠኑት ሰዎችም ይመሰክሩለታል። ጩምቦም አለ፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ በንጥር ቅቤ ርሶ፣ በአይብ ተሸፍኖ በአንድ ገበታ ለብዙ ሰው ይቀርባል። ለአንድ ሰው አይሠራም፤ ቢሠራም ያስቃል። ሆቴሎቻችን እነዚህን ከምግብ ዝርዝራቸው አውጥተው ክለብ ሳንድዊች ሲያስገቡ ለእንግዳው ያዘኑ ይመስላቸዋል። ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ የመጣ እንግዳ ግን በአገሩ የማያገኘው አንጮቴውንና ጩምቦውን ነው፤ የሚያበስሉለትም ሴቶች አካባቢው ላይ አሉ፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጩምቦ በቅቤ ብዛት የሚታወቅ ነው። ያልለመደ ሆድ ከሆነ በትንሹ ይጀመር፤ ባለቤቷ «ብላ፣ ብላ» ማለቷ ግን አይቀርም፤ «በቃኝ» የሚለውም ቃል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካልተደገመ አይሰማም።

«ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ናት»

«የ13 ወር ፀጋ» (በእንግሊዝኛው «የ13 ወር ፀሐይ») ለዚህ ተወቃሽ ነው። መፈክሩ ድንቅ ነበር፤ ወለጋን ግን አላማከረም። ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ነቀምቴ ላይ ጃንጥላ ያልያዘ እንግዳ ይታወቃል። ባሮን ያስሞላው፣ የጋምቤላን ጀልባ ያስኬደው፣ ቡናውን ያበቀለው ይኸው ዝናብ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሲከፈትና ሰላም ሲሆን ጉዞ የሚያስብ ሰው ሁለት ወቅት ልብ ይበል። ለመስቀል ሰሞን መድረስ ለአንጮቴ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው፤ ቀዩ ፍሬ በየደጁ ይሰጣል፣ መንገዱም ደርቋል። ለሁለቱም ቢሆን ከመነሣቱ በፊት ደውሎ መጠየቅ ያለበት የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና እዚያ ዘመድ ያለውን ሰው ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ የዘመዱ መረጃ ብዙውን ጊዜ የዛሬ ነው።